ይድነቃቸው ተሰማ፤ የጊዮርጊሱ ሰው በድሬዎች ሚዛን

ድሬዳዋ ውስጥ የኳስ ወሬ ከተነሳ መጨረሻው የት እንደሚሆን ይታወቃል። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ይሁን፣ መጋላ ሻይ ቤት፣ ወይም ከከተማዋ በስተምዕራብ ወጣ ብላ በምትገኘው መልካ ጀብዱ፣ ወጉ ከአርሰናል ይጀምር ከማንቸስተር ዞሮ ዞሮ ማረፊያው ጥጥ ማኅበር ነው። ሕዝቡ ኮተን እያለ የሚጠራው ያ የፋብሪካ ቡድን ዛሬ በሜዳ ላይ የለም፤ በሰው አፍ ላይ ግን አሁንም ይጫወታል። ኩራቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ቅሬታው ይከተላል። ስታዲየሙ ሸገር፣ ፌዴሬሽኑ ሸገር፣ ጋዜጠኛው ሸገር፤ ታዲያ ድሬ በኳስ የምትታወሰው የድሮ ፎቶ ሲወጣ ብቻ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

በዚህ ወግ መሃል ሳይነሳ የማያልፍ አንድ ስም አለ፤ ይድነቃቸው ተሰማ። ለአንዱ የአፍሪካ እግር ኳስ አባት ናቸው፤ ለሌላው ደግሞ ምንም ቢሆን የጊዮርጊስ ሰው። ሁለቱም እውነት ነው። እኚህ ሰው ካረፉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ይሁን እንጂ በዋና ከተማውና በክፍለ ሀገር ኳስ መካከል ያለው ክርክር ሲነሳ የእሳቸው ሕይወት ከማንም በላይ ምስክር ይሆናል። ምክንያቱም ዋንጫው ከአዲስ አበባ ርቆ ድሬዳዋ በከረመበት ዘመንም ሆነ አፍሪካ ወደ ድሬዳዋ በመጣበት ዘመን የእግር ኳሱን መሪ ይዘው የነበሩት እሳቸው ናቸው።

የነጋድራስ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዕለተ እንቁጣጣሽ ጅማ ውስጥ ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው የሚባሉት ይድነቃቸው ራሳቸው ትውልዳቸው ከክፍለ ሀገር መሆኑ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን የአባታቸውን ዜማ ትተው ኳስ መረጡ።

በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ቢሆኑም ወደ ቡድኑ ለመግባት አልዘገዩም። ወዲያው አገሪቱ በጣሊያን እጅ ወደቀች። ፋሺስቶች ጨዋታውንም በቀለም ከፋፈሉት፤ ነጭ ከነጭ፣ ሐበሻ ከሐበሻ ብቻ እንዲጫወት ሆነ፤ የጊዮርጊስ ስም ሳይቀር ተቀየረ። በዚያ ዕድሜ በገዛ አገር ሜዳ ላይ በቆዳ ቀለም መለየትን ያየ ልጅ፣ ካደገ በኋላ በዓለም መድረክ ላይ ስለ ዘር መድልዎ ሲናገር ቃላቱን ከመጽሐፍ የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ተጫዋቹ ይድነቃቸው ግብ አዳኝ ነበሩ። ለ23 ዓመታት ያህል ከጊዮርጊስ ማሊያ ሌላ አልለበሱም። በ365 ጨዋታዎች 318 ጎል እንዳስቆጠሩ ተመዝግቧል፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። በዛሬው ዘመን እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው አጥቂ ቢገኝ ዝውውሩ ብቻ ስንት ወር የጋዜጣ ወሬ በሆነ!

ኳስ ሕግ ሲኖራት

አገሪቱ ከወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ ይድነቃቸው በእግራቸው ብቻ ሳይሆን በብዕራቸውም መሥራት ጀመሩ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ እግር ኳስ በፌዴሬሽን እንዲደራጅ ካደረጉት ዋነኛው እሳቸው ናቸው። የጨዋታ ሕጎችን ወደ አማርኛ መለሱ፤ ውድድሮችን አዋቀሩ። ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጣሊያንኛ ይችሉ ስለነበር የውጭ ደብዳቤውም የሚያልፈው በእሳቸው እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ትባል የነበረችውን ጂቡቲን 5 ለ 0 ስታሸንፍ የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ሀ ብሎ ጀመረ።

እዚህ ላይ የድሬዎች ጥርጣሬ ምንጩ ይገባል። የፌዴሬሽኑን ወንበር የያዙት ሰው የሜዳ ጫማቸው ገና ያልተሰቀለ የጊዮርጊስ አጥቂ ናቸው። የአንድ ክለብ ኮከብ የሁሉም ክለቦች ዳኛ ሲሆን ከሩቅ ያለ ደጋፊ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የሻምፒዮናው መዝገብ ሌላ ታሪክ ይናገራል።

ዋንጫው ባቡር ተሳፍሮ

መዝገቡን ለሚገልጥ ሰው የመጀመሪያው አስገራሚ ነገር የጊዮርጊስ ስም ለረጅም ጊዜ መጥፋቱ ነው። ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1950 ዋንጫውን ከወሰደ በኋላ ዳግመኛ ያገኘው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። በመጀመሪያ የጦር ሠራዊቱ ቡድን ነገሠ። ከዚያ የኤርትራ ቡድኖች መጡ፤ ሐማሴን በ1955 እና በ1957፣ አካለ ጉዛይ በ1958፣ የአስመራው ቴሌ በ1959።

ከዚያስ? ከዚያማ የድሬ ዘመን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጥጥ ማኅበር ዋንጫውን አነሳ። በ1961 የዚያችው ከተማ ሌላ ቡድን ኢትዮ ሲሚንቶ ተረከበው። በ1962 እና በ1963 እንደገና ጥጥ ማኅበር፣ በ1964 ኢትዮ ሲሚንቶ፣ በ1965 ደግሞ ጥጥ ማኅበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ለማየት የፈለገ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ መውረድ ነበረበት ማለት ነው። ዋንጫው ከተማ አልቀየረም፤ ከአንዱ ፋብሪካ በር ወጥቶ ወደ ሌላው ፋብሪካ በር ነው የገባው።

ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ነች። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ጣሊያኑም፣ ዐረቡም፣ ሕንዱም ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከአማራው፣ ከሐረሪው ጋር ጎን ለጎን የኖረባት ከተማ ናት። አዲስ ሰው ሲመጣ ከየት ነህ ብላ አታስጨንቅም፤ ኳስ ይችላል ወይ ብላ ትጠይቃለች እንጂ። ፋብሪካው ደግሞ ለተጫዋቹ እንጀራ ሰጠው። ቀን በሥራ ገበታው ላይ፣ ማታ በልምምድ ሜዳ። ደጋፊውም ያው የፋብሪካው ሠራተኛ፣ የሠራተኛው ልጅ፣ የሠራተኛው ጎረቤት ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ የደሞዝ ጭማሪ የተገኘ ያህል መንደሩ ሁሉ ይደሰታል።

በመንግሥት አወቃቀር ድሬዳዋ በዚያን ጊዜ የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበረች፤ የራሷ ጠቅላይ ግዛት የላትም፤ ቤተ መንግሥቱም ሚኒስቴሩም ሩቅ ነው። በኳስ ግን ዋና ከተማ እሷ ነበረች። የድሬ ሰው እስከ ዛሬ የሚኮራው በዚህ ነው፤ የሚቆጨውም በዚሁ ነው። ይድነቃቸው የፌዴሬሽኑ ዋና ሰው በነበሩባቸው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የገዛ ክለባቸው ዋንጫውን በሩቁ ሲያይ ከረመ። ወንበሩ ለጊዮርጊስ ያደላ ነበር ለማለት ከዚህ መዝገብ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ጥር 13

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሁድ ቀን አዲስ አበባ ላይ የሆነውን የማያውቅ የኳስ አፍቃሪ አይኖርም። በዚያ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ አዘጋጅ ነበረች። በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ሸኘች። በፍጻሜው የጠበቃት ደግሞ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደው የግብፅ ቡድን ነው፤ በዚያን ጊዜ ስሙ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ።

ብሔራዊ ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ናቸው። ቡድኑን ሲያዋቅሩ የአዲስ አበባ ልጆችን ብቻ አልሰበሰቡም። የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አለ። ከአስመራ የመጡ በርካታ ናቸው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፤ አባቱ ጣሊያን፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አስመራ ተወልዶ በድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ስሙ የገነነ ሰው። ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል። ጣሊያን አገሪቱን ለቆ ከወጣ ገና 20 ዓመት ቢሆነው ነው፤ የጣሊያን ስም ያለው ሰው የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት መቆሙ ለሁሉም የሚዋጥ አልነበረም። ሆኖም የአምበልነቱ ምልክት ከክንዱ ላይ አልወረደም።

ጨዋታው እንዴት እንደሄደ ሽማግሌዎች አሁንም በደቂቃ ያስታውሱታል። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ያስቆጠረው ሉቺያኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን ጨመረ፤ ሊያበቃ ሲል መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስገብቶ ነገሩን ጨረሰው። 4 ለ 2! ሉቺያኖ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

እስቲ ጎሎቹን እንያቸው። ከአስመራ ተነስቶ በድሬ የነገሠው አንዱን አገባ፤ ወንድሙ አንዱን፤ የአዲስ አበባው ጊዮርጊስ ኮከብ አንዱን። ኢትዮጵያ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ያገኘችው የማን ልጅ ነህ ሳይባል በተሰለፈ ቡድን ነው። ድሬዎች ይህን ዋንጫ የእኛም ነው ሲሉ የሚያስቀይም ነገር የላቸውም።

በዚያው ሰሞን የድሬ ስም ከአገር ውጭም ወጣ። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ጥጥ ማኅበር ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ አክራ ተገኘ። በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊያን ተሸነፈ፤ ዋንጫውንም የካሜሩኑ ኦሪክስ ወሰደው። ቢሆንም የአንድ ፋብሪካ ቡድን ከድሬዳዋ ተነስቶ በአፍሪካ ከአራቱ አንዱ መሆኑን ዛሬ ላለ የኢትዮጵያ ክለብ ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል።

የአፍሪካ ወንበር

ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ያኔ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይድነቃቸው ይህን ጉዳይ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቁም።

ቀጥሎ የዓለም ዋንጫ ጉዳይ መጣ። ለ1966ቱ ውድድር ፊፋ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ አልሰጠም፤ የአፍሪካው አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ነበረበት። ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ይድነቃቸው ተቃውሞውን አቀጣጠሉት፤ አፍሪካ ከማጣሪያው ወጣች። በ1970 አህጉሩ የራሱን ቦታ አገኘ፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄደች። በ1982 ቦታው ሁለት ሲሆን ካሜሩንና አልጄሪያ ስፔን ላይ ምን እንዳደረጉ የማያውቅ የለም። ዛሬ በዓለም ዋንጫ የአፍሪካ ቡድን ሲያሸንፍ ጨፍረን የምናመሽ ሁሉ የዚያ ተቃውሞ ዕዳ አለብን።

ነገሩን ልብ ላለው ይህ ያው የድሬዎች ቅሬታ ነው። ማዕከሉ ሁሉን ይዞ ዳር ላለው ትርፍራፊ ሲሰጥ ዳር ያለው ይቆጣል። ይድነቃቸው በዙሪክ ፊት የዳር ሰው ሆነው ተከራከሩ። አገር ቤት ሲመለሱ ግን ማዕከሉ እሳቸው ነበሩ። ሰውየውን መመዘን የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

አፍሪካ ድሬ ስትመጣ

እ.ኤ.አ. በ1972 ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከአራት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ለሦስተኛ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን አዘጋጀች። በ1960 ዓ.ም. በተዘጋጀው ውድድር ሁለተኛዋ ከተማ አስመራ ነበረች። አሁን ኤርትራ ውስጥ ጦርነት ነው፤ ዕድሉ የደረሰው ለድሬዳዋ ሆነ።

ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. በተካሄደው ውድድር የድሬዳዋ ስታዲየም ያስተናገደው ምድብ እንዲህ ነበር፤ ዛየር፣ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ እና ሱዳን። ዛየር ዋንጫውን ይዛ የመጣች፣ ከሁለት ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫ የተጫወተች አገር ነች። ሱዳን በ1970 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን ነበረች። ሞሮኮ በዚያው ውድድር ዋንጫውን ልታነሳ ነው። ናይጄሪያ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ታነሳለች። የድሬ ተመልካች በአንድ ሰሞን አራት የአፍሪካ ሻምፒዮኖችን አየ፤ ያለፉትን ሁለት፣ የዘንድሮዋን እና የመጪዋን። ናይጄሪያ ዛየርን 4 ለ 2 ስትረታ ሻምፒዮኗ ስትንገዳገድ ያየው የድሬ ሕዝብ ነው። አሕመድ ፋራስን የያዘችው ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 ስታሸንፍ ዋንጫው ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ያወቀውም የድሬ ሕዝብ ነው።

ግን አንድ ነገር ጎደለ። የኢትዮጵያ ቡድን የምድብ ጨዋታዎቹን ያደረገው አዲስ አበባ ነው። ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፈ፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ወጣና ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። ለብሔራዊ ቡድኑ ያን ያህል ተጫዋች የሰጠች፣ ስድስት ዓመት ዋንጫ ያኖረች ከተማ ታላቁ ድግስ ደጇ ሲመጣ የራሷን ማሊያ በሜዳዋ ላይ አላየችም። እንግዳ አስተናገደች፤ ልጇ ግን ከሸገር አልወረደም። ኩራቱና ቅሬታው በአንድ ሰሃን የቀረቡበት ወር ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣ በ1969 ዓ.ም. ክረምት፣ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ድረስ ደረሰ። የአፍሪካ ከዋክብት የሮጡባት ከተማ በከባድ መሣሪያ ተናወጠች፤ ባቡሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የድሬ ኳስ ወደ ቀድሞው ከፍታው ለመመለስ ብዙ ደክሟል።

ይድነቃቸውም ቢሆን ከዘመኑ ማዕበል አላመለጡም። የለፉለት ክለብ ጊዮርጊስ በደርግ ዘመን ስሙን ተነጥቆ አዲስ አበባ ቢራ ተባለ። ስም ማጣት ምን እንደሚመስል የክፍለ ሀገር ክለቦች ብቻ ሳይሆኑ የዋና ከተማውም ንጉሥ ቀመሰው።

የመጨረሻው ዙር

በውጭ ግን ይድነቃቸው አልበረዱም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ሲያባርር የዓመታት ክርክራቸው ፍሬ አፈራ። ከ1971 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው በዚያም መድረክ ያንኑ ይዘው ቀጠሉ። ኳስ የሲጋራና የመጠጥ ነጋዴ ሰሌዳ እንዳትሆን፣ የአፍሪካ ልጆች እንደ ሸቀጥ ተጭነው ወደ አውሮፓ እንዳይነጉዱ አጥብቀው አስጠነቀቁ። በዚህኛው ክርክር ዘመኑ አልተከተላቸውም። የፕሪሚየር ሊጉን ቅዳሜ በዲሽ የሚያይ ሰው ውጤቱን በዓይኑ ያየዋል። ተሸነፉ ወይስ ቀደሙ የሚለው ገና አላለቀም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት እንደሆኑ በ65 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የኢትዮጵያ ቡድን በገዛ ሜዳው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ፣ ሴካፋን፣ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ወሰደ። እሳቸው ግን አላዩትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ድርቅ ነው። ኢትዮጵያ በ1982 እ.ኤ.አ. ሊቢያ ላይ ከተሳተፈች በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ነው። የት? ደቡብ አፍሪካ! ይድነቃቸው ዕድሜ ልካቸውን በዘረኝነቷ የታገሏት አገር ነፃ ወጥታ የእሳቸውን ልጆች እንግዳ አድርጋ ተቀበለች።

መልካ ጀብዱ፣ እንደገና

ታዲያ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? የጊዮርጊሱ ሰው ለድሬ ምን አተረፉላት? በእሳቸው ዘመን ድሬ ስድስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነች፣ የድሬው ሰው የኢትዮጵያ አምበል ሆነ፣ አፍሪካ ድሬ መጣ። ይህን ሁሉ እሳቸው አደረጉት ማለት ተጫዋቹንና ሠራተኛውን መካድ ነው። ግን ጉልበታቸውን ተጠቅመው አልከለከሉም፤ ለብሔራዊ ማሊያ ሰው ሲመርጡም ከሩቅ ያለውን አልዘለሉም። በእኛ አገር የወንበር ታሪክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያልተውት ነገርም አለ። የክፍለ ሀገር ክለብ ፋብሪካው ሲታመም አብሮ እንዳይሞት የሚያደርግ መሠረት አልተጣለም። ጥጥ ማኅበር የኖረው በፋብሪካው ትንፋሽ ነበር፤ ትንፋሹ ሲያጥር ቡድኑም አጠረ።

የድሬ ቡድን ጭራሽ አልጠፋም። ድሬዳዋ ከተማ በፕሪሚየር ሊጉ ተሰልፏል፤ በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ሲካሄድም የድሬዳዋ ስታዲየም ከአስተናጋጆቹ አንዱ ነበር። የአገሪቱ ስታዲየሞች ግን የካፍን መስፈርት ባለማሟላታቸው ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳዬ ነው የሚለውን ጨዋታ በሰው አገር እየሄደ ሲጫወት ታይቷል። ካፍን የመሠረተው ሰው አገር፣ በአንድ ወር ሁለት ከተማ ላይ አፍሪካን ያስተናገደች አገር፣ ሜዳ ስትለምን! ይህ የድሬ ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ነው።

መልካ ጀብዱ ዛሬ የድሮዋ ዳር አይደለችም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ተሠርቷል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የነፃ ንግድ ቀጣና ሥራ ጀምሯል። ረጃጅም ሼዶች ተደርድረው የሚያይ የድሬ ሽማግሌ የሚያስበው ስለ ኤክስፖርት አይደለም። ጥጥ ፋብሪካው ጨርቅ ብቻ አላመረተም፤ ቡድን አምርቷል። ሲሚንቶው ቤት ብቻ አልገነባም፤ ሻምፒዮን ገንብቷል። ከእነዚህ አዳዲስ በሮች ማታ ማታ የሚወጡት ወጣቶች መካከል አንዱ ኳስ የሚችል አይጠፋም። የሚጠይቀው ሰው ይኑር እንጂ!